ያላገናኙት ኔጌቲቭ የት ተገናኘ? ብዙ ፓወር ሰፕላይ ያለው የሞዴል ባቡር ሽቦ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የደብረ ሲና የፊዚክስ መምህር ከሳይንስ ክበብ ተማሪዎቻቸው ጋር የሸዋ ሮቢትን ባቡር ጣቢያ በጠረጴዛ ላይ እየሠሩ ነው። ሀዲዱ ኤች.ኦ. የሚባለው፣ 1 ለ87 የሆነው መጠን ነው። ሁለት ሎኮሞቲቭ አላቸው። እያንዳንዱ በራሱ ክፍል እንዲሄድ አንደኛውን ሀዲድ ሁለት ቦታ ቆርጠዋል፤ ሁለተኛውን ሀዲድ ሳይቆርጡ ለሁለቱም ክፍሎች የጋራ አድርገውታል። ለእያንዳንዱ ክፍል ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ የፍጥነት መቆጣጠሪያና አንድ የአቅጣጫ መቀየሪያ ስዊች አለው። «ሁለቱም ወደፊት ሲሄዱ የአንዱን ቁልፍ ሳዞር ሌላውም አብሮ ይፈጥናል። አንዱን ወደኋላ ስመልሰው ደግሞ ባቡሩ ክፍተቱ ጋ ሳይደርስ አንዱ ፓወር ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ከሶኬት ነቅዬ ካልመለስኩት አይነሳም። የሁለቱን ኔጌቲቭ በሽቦ አላገናኘሁም። ችግሩ ምንድን ነው? ከአሜሪካ የተላከልንን ትራንስፎርመርና የሶላሩን ባትሪስ እንዴት ልጨምር?» ይላሉ።

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ስለጻፉልኝ ጠረጴዛውን ሳላየው መናገር እችላለሁ። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ፓወር ሰፕላዮች ተገናኝተዋል። እርስዎ በሽቦ አላገናኟቸውም፤ ያገናኛቸው የግድግዳው ስፒና ነው።

ከኮምፒውተር የወጣ ፓወር ሰፕላይ ጥቁር ሽቦዎቹ በሙሉ ከውስጥ ከብረት ሳጥኑ ጋር ታስረዋል። ሳጥኑ ደግሞ ከስፒናው የኧርዝ መስመር ጋር ታስሯል። ሁለቱን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሲሰኳቸው የዲቫይደሩ የኧርዝ ብረት ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኘዋል። ትምህርት ቤቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ኧርዝ ባይኖረው እንኳ ለውጥ የለውም፤ ብረቱ ብቻውን ይበቃል። ከፈለጉ አሁኑኑ ያረጋግጡ። ዲቫይደሩን ራሱን ከግድግዳ ይንቀሉ፣ ሁለቱን ፓወር በዲቫይደሩ ላይ እንደተሰኩ ይተዉ፣ ቴስተሩን የሚጮኸው ላይ ያድርጉና አንዱን ዘንግ በአንደኛው ጥቁር፣ ሌላውን በሁለተኛው ጥቁር ሽቦ ላይ ያሳርፉ። ይጮኻል። አንዱን ስፒና ሲነቅሉ ዝም ይላል።

ተማሪዎችዎ ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ይዘው እንዲወጡ ቢጠይቁኝ የምመርጠው ይህንን ነው፦ ሁለት ፓወር ሰፕላዮች አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቢነካኩ ምንም አይሆኑም። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ አለበት፤ በአንድ ነጥብ ሄዶ የሚመለስበት ካጣ አይሄድም። ሁለተኛ ነጥብ ላይ ሲነካኩ ግን መሄጃም መመለሻም ስላገኘ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ሽቦ ከመዘርጋት በፊት የሚቆጠረው የመገናኛው ብዛት ነው። የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ አንደኛው መገናኛ ኧርዙ ነው። ሁለተኛው ያልቆረጡት የጋራ ሀዲድ ነው።

አሁን ምልክቶቹን በዚህ ዓይን እንያቸው። ብዙዎቹ ርካሽ የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች ፖዘቲቩን እንደገባ ያሳልፉታል፤ በፍጥነት እየቆራረጡ የሚያሳልፉት ኔጌቲቩን ነው። ሁለቱም ባቡሮች ወደፊት ሲሄዱ የጋራው ሀዲድ የሁለቱም መቆጣጠሪያ ኔጌቲቭ መውጫ ይሆናል። የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ መንገዱን ዘግቶ ሁለተኛው ከፍቶ ባለበት ቅጽበት፣ የመጀመሪያው ባቡር ኤሌክትሪክ በጋራው ሀዲድ ወደ ሁለተኛው መቆጣጠሪያ ይዞራል፣ ከዚያ በኧርዙ በኩል ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ የአንዱን ቁልፍ ሲያዞሩ ሌላው ይፈጥናል። የማንኛውም መቆጣጠሪያ መከፈት ለሁለቱም ባቡር መንገድ ነው።

አንዱን ወደኋላ ሲመልሱት ደግሞ ስዊቹ ሽቦዎቹን ስለሚያቀያይር ከሁለተኛው ፓወር የሚመጣው ፖዘቲቭ በቀጥታ በጋራው ሀዲድ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ በዚያው ሀዲድ ላይ ኔጌቲቭ ሰጥቷል። በመሃላቸው ባቡርም ሞተርም የለም፤ ሙሉ ሾርት ነው። ክፍተቱ ጋ ሳይደርስ የጠፋው ለዚህ ነው። ከሶኬት ተነቅሎ ካልተመለሰ አለመነሳቱም የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጠባይ ነው፦ ከልክ በላይ ሲሳብ ራሱን ዘግቶ ይቆልፋል። ይህ ጠባዩ ነው መቆጣጠሪያውን እስካሁን ከመቃጠል ያተረፈልዎ።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ። ይህንን ያነበበ ሰው ወዲያው የሚመጣለት ሐሳብ የኧርዙን መስመር መቁረጥ ነው። እባክዎ አይቁረጡ፤ ተማሪም እንዳይቆርጥ ይጠብቁ። ኧርዝ የሌለው የኮምፒውተር ፓወር ሳጥኑ በውስጡ ባሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ምክንያት ሲነኩት ይነዝራል፤ ከውስጥ ብልሽት ከመጣ ደግሞ ሙሉ 220 ቮልት ሳጥኑ ላይ፣ ከዚያም ሀዲዱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሀዲዱን የሚነኩት ልጆች ናቸው።

መቆረጥ ያለበት ሁለተኛው ሀዲድ ነው። መጀመሪያ በቆረጡበት ትይዩ፣ ሁለቱንም ቦታ። ያኔ የቀረው መገናኛ ኧርዙ ብቻ ይሆናል፤ አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ምልክቶቹ በሙሉ በዚያው ቀን ይጠፋሉ።

ብዙ መጻሕፍት አንድ የጋራ ሀዲድ ይበቃል ይላሉ፤ ሽቦም ስዊችም ይቆጥባል። ትክክል ናቸው፤ ግን የሚያስቡት እያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ከሌላው ጋር በምንም የማይገናኝ፣ ተንሳፋፊ ሲሆን ነው። እኛ የምንሠራው ከተገኘው ዕቃ ነው፦ ከኮምፒውተር፣ ከዲኮደር፣ ከውጭ ከመጣ። የየትኛው ውስጥ ምን እንደታሰረ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ የእኔ ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሁለት ሽቦ፣ ሁለቱም ሀዲድ የተቆረጠ። ጥቂት ሜትር ሽቦ ይጨምራል፤ በምትኩ ብዙ የፍለጋ ሰዓት ያተርፋል።

ከቻሉ የኮምፒውተሮቹን ፓወር ከሀዲዱ ላይ ያንሷቸው። በ12 ቮልቱ መስመር ብዙ አምፔር ይሰጣሉ፤ ከመቆለፋቸው በፊት የሀዲዱን ፕላስቲክ ሊያቀልጡ ይችላሉ። ዛሬ ያለ ኤች.ኦ. ሎኮሞቲቭ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ አምፔር በታች ነው የሚስበው። ለዲኮደርና ለካሜራ የሚሸጠው 12 ቮልት 2 አምፔር፣ ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ከበቂ በላይ ነው፤ ኧርዝ ስለሌለውም መውጫው ተንሳፋፊ ነው። ለእያንዳንዱ መቆጣጠሪያ አንድ።

አሁን ወደ ክፍተቱ እንምጣ። ሁለቱን ሀዲድ ከቆረጡ በኋላም ቢሆን ባቡሩ ሲሻገር ጎማው ሁለቱን ክፍሎች ለቅጽበት ያገናኛቸዋል። ሁለቱም ክፍሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆኑ ባቡሩ ትንሽ ይፈነጥርና ያልፋል። አንዱ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ ከሆነ ግን ሾርት ነው፤ ተንሳፋፊ አዳፕተርም አያድንዎትም፤ በግራና በቀኝ ሀዲድ ያሉት ጎማዎች ሁለት መገናኛ ሆነዋልና። እንዲያውም ሁለቱ ተደምረው 24 ቮልት ነው ሾርት የሚሆነው።

መፍትሔው አንድን መቆጣጠሪያ ከክፍል ጋር ማጋባት ትቶ ከባቡሩ ጋር ማስኬድ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ስድስት እግር ያለው፣ መሃል ላይም የሚያርፍ ስዊች ይግዙ። መሃለኛዎቹን ሁለት እግሮች ወደ ክፍሉ ሁለት ሀዲዶች ይውሰዱ። የላይኞቹ ሁለት ለመጀመሪያው መቆጣጠሪያ፣ የታችኞቹ ሁለት ለሁለተኛው። ስዊቹ ወደ ላይ ሲሆን ክፍሉን የመጀመሪያው ሹፌር ይዞታል፤ ወደ ታች ሲሆን ሁለተኛው፤ መሃል ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ባቡሩ እዚያው ይቆማል። ባቡሩ ወደሚቀጥለው ክፍል ከመድረሱ በፊት ሹፌሩ የዚያን ክፍል ስዊች ወደራሱ ይገለብጣል። ያኔ ሲሻገር ከክፍተቱ ወዲህም ወዲያም ያለው አንድ ፓወር ነው፤ ፍጥነቱም አይዛነፍም። ለጣቢያው ሦስተኛ አጭር ክፍል ቢጨምሩ አንዱ ባቡር ቆሞ ሌላው የሚያልፍበት ቦታ ያገኛሉ፤ ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት ይህንን ነው። ሀዲዱ ዞሮ በራሱ ላይ የሚመለስ ቀለበት ካለው፣ ያ ቀለበት ብቻውን አንድ ክፍል ይሁን፤ መግቢያውም መውጫውም በሁለቱ ሀዲዶች ላይ ይቆረጥ፣ የራሱ የአቅጣጫ ስዊችም ይኑረው።

ይህን ለተማሪዎችዎ ከእውነተኛው ባቡር ጋር ቢያገናኙት ደስ ይለኛል። ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው መስመር እንደ አዲስ አበባ ጅቡቲው ሁሉ በ25 ሺህ ቮልት እንዲሠራ የታሰበ ነው። በእንደዚህ ዓይነት መስመር ላይ ኤሌክትሪኩ ከአንድ ጣቢያ አይመጣም፤ የየአካባቢው የኃይል ማከፋፈያ የየራሱን ርቀት ይመግባል፣ ሁለት ጎረቤት ማከፋፈያዎች ደግሞ ከተለያየ ፌዝ ሊወስዱ ይችላሉ። የሚመለሰው በሀዲዱ ነው፤ ሀዲዱ የጋራ ነው፤ አንድ መገናኛ። ባቡሩ በላይ ያለውን ሽቦ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሁለተኛ መገናኛ እንዳይሆን በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የሌለው ቁራጭ ሽቦ ይደረጋል። ሹፌሩ እዚያ ሲደርስ ኃይሉን ቆርጦ በያዘው ፍጥነት ያልፋል። በእርስዎ ጠረጴዛና በዚያ መስመር መካከል ያለው ልዩነት መጠኑ ነው።

ስለ ክፍተቱ አቆራረጥ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን ብዙ ያለፋኝ እሱ ነው። ደብረ ብርሃን የጥገና ቤቴ ጀርባ የሠራሁት የመጀመሪያው ጠረጴዛ ጣውላው በደንብ ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ነበር። ክፍተቶቹን የቆረጥኩት ነሐሴ ላይ፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ባበጠበት ወቅት ነው። በቀጭን ሴጌቶ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ንጹሕ አድርጌ። እስከ ኅዳር እንከን አልነበረውም። ጥር ላይ አንድ እንግዳ ነገር መጣ፦ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ሁሉም ይሠራል፤ ከቀትር በኋላ ፊውዝ ይቃጠላል። መቆጣጠሪያውን ቀየርኩ፣ ስዊቹን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ከሥር ፈትቼ እንደገና ዘረጋሁ። ከሳምንት በኋላ ከሰዓት ላይ ጎንበስ ብዬ በአጉሊ መነጽር ሳየው ሁለቱ የሀዲድ ጫፎች ተሳስመዋል፤ በመሃላቸው ፀጉር አያሳልፍም። እንጨቱ በበጋው ደርቆ ተኮማትሮ ሀዲዱን ገፍቶታል፤ የቀረችውን ጥቂት ክፍተት ደግሞ የቀትር ሙቀት ዘግቷታል። 3 ሜትር ሀዲድ በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የደብረ ብርሃን የጥር ሌሊትና ቀትር ልዩነት ይህን ያህል ይሆናል።

እርስዎ ያሉበት ደብረ ሲና ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም ስላለ እንጨትዎ ከእኔ የባሰ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ስለዚህ ክፍተቱን ባዶ አይተዉት። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይቁረጡ፤ ከአሮጌ የፕላስቲክ መታወቂያ ቁራጭ ወስደው ክፍተቱ ውስጥ ያስገቡ፣ በሱፐር ግሉ ያጣብቁ፣ ሲደርቅ የሀዲዱን ቅርጽ እስኪይዝ በጥሩ ሞረድ ይሞርዱት። ጎማው ሲያልፍበት እንኳ አይሰማም፤ እንጨቱም ቢገፋ የሚዘጋው የለም።

ፊውዝ ባለበት ቦታ እኔ የምወደው ሌላ ነገር ነው፦ የመኪና ፍሬን አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት። ከየትኛውም የመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። በእያንዳንዱ ክፍል መግቢያ ላይ ከሁለቱ ሽቦዎች በአንደኛው መሃል ያስገቡት። ባቡሩ ሲሄድ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ አምፖሉ ጨለማ ሆኖ ይቆያል። ሾርት ሲፈጠር ግን ኤሌክትሪኩ በሙሉ በእሱ ስለሚያልፍ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ከ1.75 አምፔር በላይም አያሳልፍም። አዳፕተሩ አይጠፋም፣ ጎማ አይቀልጥም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሾርቱ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ በዓይን ይታያል። ሁለት አምፖሎች አብረው ከበሩ ችግሩ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ላይ ነው። አምፖሉ ሲበራ ስለሚግል ከእንጨትና ከፕላስቲክ አርቀው ላሜራ ላይ ይሰሩት።

ከአሜሪካ የመጣው ትራንስፎርመር። ጀርባውን ያንብቡ፤ 120 ቮልት 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፣ ምናልባትም ከጭስ ጋር። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። በዚያም ቢሆን ለ60 ኸርዝ የተሠራ ብረት በእኛ 50 ኸርዝ ከተለመደው በላይ ይሞቃልና ሙሉ አቅሙን አይጠቀሙበት፤ ሥራ ሲጨርሱ ይንቀሉት። ለሀዲድ ሳይሆን፣ ባቡሩን ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው ለሚያዞሩት የሀዲድ መቀየሪያዎች የሽቦ ጥቅልል ብቻ ይመድቡት፤ የኤሲ መውጫው ለዚያ የተመቸ ነው። መቀየሪያዎቹ የጋራ መመለሻ ሽቦ ቢኖራቸው ችግር የለውም፤ ሁሉም የአንድ ፓወር ቤተሰብ ናቸው። ይህ ሽቦ ግን በምንም ቦታ ሀዲዱን አይንካ፤ በአንዳንዶቹ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ኤሲውና ዲሲው ከአንድ ጥቅልል ስለሚወጡ አንዱ መገናኛ እዚያው ውስጥ ተሠርቶ ይጠብቅዎታል።

የመቀየሪያዎቹ ጥቅልሎች ጣት ከቁልፉ ላይ ከዘገየ ይቃጠላሉ። የኤሲውን 16 ቮልት በዳዮድ ወደ ዲሲ ቀይረው 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ220 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር በኩል ይሙሉ፤ መቀየሪያውን የሚመታው የካፓሲተሩ ክምችት ይሁን። ልጅ ቁልፉን ይዞ ቢረሳው እንኳ ከአንድ አሥረኛ አምፔር ብዙም አያልፍም። 16 ቮልት ኤሲ ሲስተካከል ወደ 22 ቮልት ስለሚወጣ ካፓሲተሩ ባለ 35 ቮልት ይሁን፤ ባለ 16 የተባለው ይፈነዳል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ጋ አለ። ኃይል ለመጨመር ብለው የሁለት ትራንስፎርመሮችን የኤሲ መውጫ በጭራሽ አንድ ላይ አይሰሩ። አንዱን ከግድግዳ ቢነቅሉት፣ ሌላው በመውጫው በኩል ወደኋላ ይመግበዋል፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ዝቅ እንደሚያደርግ ሁሉ ከፍ ያደርጋል። በእጅዎ የያዙት የተነቀለ ስፒና ዘንጎቹ ላይ የግድግዳው ያህል ቮልቴጅ ይኖራል። ተነቅሏል ብሎ የሚይዘው ሰው ምንም የሚያስጠረጥረው ነገር የለም።

የሶላሩ ባትሪ ለቤቶቹና ለጣቢያው መብራት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ባቡሩ ይቆማል፣ ጣቢያው ግን እንደበራ ይቆያል፤ ማታ ያምራል። ለእያንዳንዱ ኤል.ኢ.ዲ. አንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ12 ቮልት ልክ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወዲያው፣ በአንድ ስንዝር ውስጥ፣ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ባትሪ ትንሽ ቢመስልም ሾርት ሲሆን የሚያቆመው መቆለፊያ የለውም፤ ሽቦውን አግሎ እሳት ያነሳል። ከሀዲዱ ጋር ያለው መገናኛ ዜሮ ይሁን፤ ኔጌቲቩንም ቢሆን አያገናኙት።

ስለ ሽቦ ውፍረት ብዙ አልልም፤ ጠረጴዛው 3 ሜትር ከሆነ የቤት ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ለዋናው መስመር በቂ ነው፣ ከዚያ ወደ ሀዲዱ የሚወጡት አጫጭሮቹ 0.5 ይበቃቸዋል። በብረት ማያያዣዎቹ ብቻ አይተማመኑ፤ ዝገትና አቧራ ይገባባቸዋል፣ በየቁራጩ ሀዲድ ሥር ሽቦ በስታኞ ይበየድ። ለመጀመሪያው ፓወር ቀይና ጥቁር፣ ለሁለተኛው ሰማያዊና ቢጫ፣ ለመቀየሪያዎቹ አረንጓዴ፣ ለመብራት ነጭ ብለው ይወስኑና ወረቀት ላይ ጽፈው ጠረጴዛው ሥር ይለጥፉት። በሞርሴቶ ላይም የአንዱ ፓወር ሽቦ ከሌላው ጋር ጎን ለጎን አይግባ፤ አንድ ባዶ ቤት በመሃል ይተዉ።

ሲጨርሱ ምንም ሳይሰኩ፣ ባቡሮቹን ከሀዲድ አንስተው፣ ስዊቾቹን መሃል ላይ አድርገው በቴስተሩ ይለኩ፦ በእያንዳንዱ ክፍተት ወዲህና ወዲያ በሁለቱም ሀዲድ፣ በግራና በቀኝ ሀዲድ መካከል፣ በሀዲዱና በመቀየሪያዎቹ ሽቦ መካከል፣ በሀዲዱና በባትሪው ሽቦ መካከል። አንድም ቦታ መጮኽ የለበትም። ከዚያ አንዱን አዳፕተር ብቻ ይሰኩና አንድ ባቡር በሁሉም ክፍሎች ያዙሩ። ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ ይጨምሩ። በመጨረሻም ሆን ብለው በካቻቢቴ ሁለቱን ሀዲዶች በየክፍሉ ያገናኙና የየትኛው ክፍል አምፖል እንደሚበራ ተማሪዎቹ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። የማይበራ አምፖል ካገኙ፣ ወይም የሌላ ክፍል አምፖል ከበራ፣ ሽቦው የተሳሳተው እዚያ ነው። እሱን ሳያስተካክሉ ሁለተኛውን ባቡር ሀዲድ ላይ አያስቀምጡ።